ፕሮፌሰር ጆሴፍ ዋይዘንባውም፦ የገዛ እጃቸውን ሥራ የጠየቁ ስደተኛ ምሁር

ስለ ምሁራን ሚና በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት ክርክር እንሰማለን። አንደኛው ወገን የተማረ ሰው በሙያው ተወስኖ፣ ፖለቲካን ለፖለቲከኞች ትቶ ቢኖር ይሻላል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሕዝብ ሲበደል እያየ ዝም ያለ ምሁር መማሩ ለማን ጠቀመ ሲል ይጠይቃል። ይህ ክርክር በንጉሡ ዘመን በስድስት ኪሎ ግቢ ነበረ፤ በደርግ ዘመን ሕይወት አስከፍሏል፤ ከዚያ በኋላ በመጡት መንግሥታትም አልቆመም። በስደት ባለንበት አገርም ከየስብሰባ አዳራሹ እስከ የቡና ቤቱ ድረስ ተከትሎናል።

ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ወደ ሌላ አገርና ወደ ሌላ ሕዝብ ታሪክ እንሄዳለን። የምንጽፍላቸው ሰው ፖለቲከኛ አልነበሩም። ከዓለም ታላላቅ የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የኮምፒዩተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ነበሩ። ከሞቱ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ያነሱት ጥያቄ ግን ዛሬ በየእጃችን በያዝነው ስልክ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ስማቸው ጆሴፍ ዋይዘንባውም ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ከበርሊን ወደ ዲትሮይት

ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተወለዱት ጥር 8 ቀን 1923 በጀርመን ዋና ከተማ በበርሊን ነው። ቤተሰባቸው አይሁድ ሲሆን አባታቸው ከእንስሳት ፀጉራም ቆዳ ካፖርትና ልብስ የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ። ሂትለር በጥር 1933 ሥልጣን ሲይዝ ልጁ ገና የ10 ዓመት ተማሪ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ከሚማሩበት ትምህርት ቤት ወጥተው ወደ አይሁድ ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ተገደዱ። ትናንት አብረዋቸው ይጫወቱ ከነበሩት ልጆች የለያቸው ሌላ ነገር ሳይሆን የዘር ሐረጋቸው ነበር። በመስከረም 1935 የኑረምበርግ ሕጎች ወጡ፤ አይሁድ በተወለዱበት አገር ከዜግነት መብት ውጪ ሆኑ። ሕግ ጠብቆ ሳይሆን ሕግ አውጥቶ መበደል ምን እንደሚመስል ለእኛ አንባቢያን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም።

በጥር 1936 ቤተሰቡ ጀርመንን ለቆ ወደ አሜሪካ ተሰደደና በዲትሮይት ከተማ ተቀመጠ። ቤተሰቡ ቀድሞ በመውጣቱ ተረፈ። በአውሮፓ ከቀሩት አይሁድ መካከል 6 ሚሊዮን ያህሉ በሚቀጥሉት ዓመታት ተፈጁ። የ13 ዓመቱ ስደተኛ ልጅ እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር። ቋንቋ ባልገባቸው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚገባቸው አንድ ትምህርት አገኙ፤ እርሱም ሒሳብ ነበር። የአልጀብራ ምልክት በርሊንም ሆነ ዲትሮይት አንድ ነው፤ የባዕድ አነጋገር ነህ ብሎ የሚስቅበት የለም። ልጆቻቸውን በባዕድ አገር ትምህርት ቤት ያስገቡ ወላጆች ይህን ነገር በደንብ ያውቁታል። ብዙ የስደተኛ ልጅ በቋንቋ ትምህርት ሲንገዳገድ በሒሳብ ግን ቀና ብሎ ሲሄድ አይተናል።

በ1941 በዲትሮይት ከተማ በዌይን ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ መማር ጀመሩ። ትምህርታቸውን ጦርነቱ አቋረጠው። በ1942 ወደ አሜሪካ ጦር አየር ክፍል ገብተው በሜትዎሮሎጂ ማለትም በአየር ጠባይ ትንበያ ሙያ አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው በ1948 የመጀመሪያ፣ በ1950 ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሒሳብ ተቀበሉ። በዚያ ጊዜ ኮምፒዩተር የሚባለው ዕቃ ከገበያ የሚገዛ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ማሽን ለመሥራት ሲነሳ ወጣቱ ዋይዘንባውም ከሠሪዎቹ አንዱ ሆኑ። ኮምፒዩተርን የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን በእጃቸው እየገጣጠሙ ነው ማለት ይቻላል። ዶክተር የሚያሰኝ ዲግሪ አልሠሩም፤ ኋላ ላይ በክብር ተሰጣቸው እንጂ።

ቼክ የሚያነብ ማሽን

በ1950ዎቹ አጋማሽ ጄኔራል ኤሌክትሪክ በተባለው ኩባንያ ተቀጠሩ። እዚያም ለባንክ ኦፍ አሜሪካ ይሠራ በነበረው ኤርማ የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ነበሩ። ባንኩ በየቀኑ የሚጎርፈውን ቼክ በሰው እጅ መዝግቦ መጨረስ አቅቶት ነበር። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው በቼኩ ግርጌ ማግኔት ባለው ቀለም ቁጥር አትሞ ማሽኑ እንዲያነበው ማድረግ ነው። አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ቼክ ካላቸው አውጥተው ግርጌውን ይመልከቱ፤ ቅርጻቸው ለየት ያለው ቁጥሮች የዚያ ዘመን ሥራ ውርስ ናቸው።

ዋይዘንባውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደዚህ ሥራ ተመልሰው አንድ ትልቅ ጥያቄ አነሱበት። ኮምፒዩተር አብዮት አመጣ ሲባል ይሰማል፤ ነገር ግን ምን ለወጠ? ባንኩ፣ የጦር ሠራዊቱ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በወረቀት ብዛት ሊፈነዱ በደረሱበት ሰዓት ኮምፒዩተር ደረሰላቸው። ባይደርስላቸው ኖሮ አሠራራቸውን መለወጥ፣ ሥልጣንን ወደታች ማውረድ፣ ድርጅታቸውን እንደገና ማደራጀት በተገደዱ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ አሮጌውን ሥርዓት አፈረሰ ሳይሆን ደግፎ አቆመ የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ቴክኖሎጂ በራሱ ዴሞክራሲን ይወልዳል ብለን ለምናስብ ሁሉ ቆም ብለን ልናጤነው የሚገባ ነጥብ ነው።

ኤሊዛ የተባለችው ፕሮግራም

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ማሳቹሴትስ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ፣ በአጭሩ ኤም አይ ቲ፣ በመምህርነት ወሰዳቸው። በዚያ ተቋም በ1963 ፕሮጀክት ማክ የተባለ ትልቅ የኮምፒዩተር ምርምር ተጀምሮ ነበር። ገንዘቡ የሚመጣው ከአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፕሮፌሰሩ በዚያ በሠሩት ምርምር እስከ ዛሬ ስማቸው የሚነሳበት ኤሊዛ የተባለው ፕሮግራም ነው። ስሙን የሰጡት በበርናርድ ሾው ፒግማሊዮን ቴአትር ውስጥ አነጋገሯ እየታረመ የትልቅ ሰው ወይዘሮ መስላ በወጣችው አበባ ሻጭ ልጅ ስም ነው። የፕሮግራሙ ዝርዝር አሠራር በጥር 1966 በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ ታተመ። አንድ ሰው በጽሕፈት መኪና መሰል ዕቃ ፊት ተቀምጦ የልቡን ይጽፋል፤ አይ ቢ ኤም 7094 በተባለው ግዙፍ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ መልስ ይጽፍለታል። ፕሮግራሙ የተጻፈለት ሚና ሕመምተኛውን በጥሞና አዳምጦ የተናገረውን መልሶ በጥያቄ የሚያቀርብ የአእምሮ ሐኪም እንዲመስል ነበር።

አሠራሩ ምሥጢር አልነበረውም። ማሽኑ ከተጻፈለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቁልፍ ቃል ይፈልጋል። ሰውየው ስለ እናቱ ከጻፈ፣ እናት የምትለዋን ቃል አይቶ ስለ ቤተሰብህ ጨምረህ ንገረኝ ወደሚል ጥያቄ ይሄዳል። ሰውየው አዝኛለሁ ካለ፣ ያንኑ ገልብጦ ስለ ማዘኑ ይጠይቀዋል። ቁልፍ ቃል ካጣ ደግሞ እስቲ ቀጥል የሚል ዓይነት መልስ ይሰጣል። እናት ምን እንደሆነች፣ ሐዘን ምን እንደሆነ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። ፕሮፌሰሩ ይህን ሁሉ በግልጽ ጽፈውታል። ዓላማቸው ማሽን ያስባል ለማለት ሳይሆን በሰውና በማሽን መካከል የሚደረግ ንግግር ምን ያህል ላይ ላዩን ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ነበር።

ያልጠበቁት ነገር ግን ተከሰተ። ፕሮግራሙ ሲሠራ ወራት ሙሉ ያየችው፣ ባዶ መሆኑን የምታውቀው የራሳቸው ጸሐፊ አንድ ቀን ከማሽኑ ጋር ጥቂት ከተጻጻፈች በኋላ ፕሮፌሰሩን ከክፍሉ እንዲወጡላት ጠየቀቻቸው። ከማሽኑ ጋር የግል ጉዳይ እያወራች ነበርና። በዚህ ብቻ አላበቃም። አንዳንድ የአእምሮ ሐኪሞች እንዲህ ያለው ፕሮግራም ቢሻሻል ሐኪም በሌለበት ሆስፒታል በሰዓት ብዙ መቶ ሕሙማንን ሊያክም ይችላል እስከማለት ደረሱ። ከእነዚህም አንዱ ከእርሳቸው ጋር የሠሩት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ኬኔት ኮልቢ ነበሩ።

ሌላ ተመራማሪ ቢሆን በዚህ ይደሰት ነበር። የሠራው ነገር እንዲህ ዝና ሲያገኝ ገንዘብ ይጠይቅበታል፣ ተማሪ ይሰበስብበታል፣ ሹመት ያገኝበታል። ዋይዘንባውም ግን ደነገጡ። ያስደነገጣቸው የማሽኑ ጉብዝና ሳይሆን የሰው ልጅ ራሱን ለማሽን አሳልፎ ለመስጠት መቸኮሉ ነበር። አንድ ሐኪም ባልንጀራውን የማዳመጥን ሥራ ቃል ለሚገለብጥ ፕሮግራም ሊተው ከተዘጋጀ፣ ቀድሞውኑ ስለ ሰው ያለው አስተሳሰብ ምን ነበር? ከዚያ ወዲያ ሕይወታቸው ሙሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ዞረ።

ከፍርድ ወደ ስሌት

ወቅቱ የቬትናም ጦርነት የጋለበት ነበር። ኤም አይ ቲ ለጦር ሠራዊቱ የሚሳይልና የራዳር ምርምር የሚያካሂዱ ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ነበሩት። በ1969 ተማሪዎችና መምህራን ይህን በመቃወም ተነሱ፤ በመጋቢት ወር ምርምር ለአንድ ቀን ቆሞ ስለ ሳይንስ ኃላፊነት ውይይት ተደረገ፤ በኅዳር ወር ደግሞ ሰልፍ ወጣ። ዩኒቨርሲቲው በ1973 አንደኛውን ላቦራቶሪ ከራሱ ለይቶ ራሱን እንዲችል አደረገ፤ ሌላው ግን ቀረ። ዋይዘንባውም ጦርነቱን ከተቃወሙት መምህራን ወገን ነበሩ። በልጅነታቸው ያዩት ነገር አልለቀቃቸውም። በናዚ ጀርመን ብዙ ሳይንቲስት እኔ ሥራዬን ነው የምሠራው ብሎ አንገቱን ደፍቶ መኖሩን ያውቃሉ። አሁን እርሳቸው ራሳቸው በመከላከያ ገንዘብ በሚንቀሳቀስ ቤት ውስጥ ደመወዝ የሚበሉ ፕሮፌሰር ሆነዋል። ጥያቄው ስለ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከመደበኛ ሥራቸው እረፍት ወስደው በካሊፎርኒያና በሃርቫርድ ቆይታ ካደረጉ በኋላ በ1976 የኮምፒዩተር ኃይልና የሰው ልጅ አስተሳሰብ፦ ከፍርድ ወደ ስሌት የሚል ርእስ ያለው መጽሐፋቸውን አወጡ። የመጽሐፉ ጭብጥ በአጭሩ እንዲህ ነው። ስሌት አንድ ነገር ነው፤ ፍርድ ሌላ ነገር ነው። ስሌት ሕግ ተከትሎ መልስ ማውጣት ሲሆን ማሽን ከሰው የተሻለ ይሠራዋል። ፍርድ ግን የኖረ፣ የታመመ፣ ያዘነ፣ ልጅ ያሳደገ፣ ሞት እንዳለበት የሚያውቅ ፍጡር የሚሰጠው ነው።

ይህን በእኛ አገር ምሳሌ ብንመለከተው ይቀላል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌው የሁለቱን በደል ቆጥሮ፣ ደምሮና ቀንሶ ውጤት አይናገርም። የተነገረውን ብቻ ሳይሆን ያልተነገረውን ይሰማል፤ ማን አንገቱን እንደደፋ፣ ማን እንባው እንደመጣ ያያል፤ ነገሩን ለነገ ያሳድረዋል። የነገሩን ዝርዝር ሁሉ ለማሽን ብንሰጠው የሽማግሌውን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይጽፍልን ይሆናል። ሽምግልናው ግን የለም፤ ከፊታችን የተቀመጠ የሚያፍር፣ የሚከበር ሰው የለምና።

በዚህ ምክንያት የዋይዘንባውም ጥያቄ ማሽን ይህን መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም የሚል አልነበረም። ቢችልስ ልናደርገው ይገባል ወይ የሚል ነበር። ሊሠሩ አይገባም ያሏቸው ሁለት ዓይነት ሥራዎች ነበሩ። አንደኛው በሰውና በሰው መካከል መከባበርን፣ መረዳዳትንና ፍቅርን የሚጠይቅ ቦታ ላይ ማሽን መተካት ነው። ሁለተኛው መመለሻ የሌለውና ማንም አስቀድሞ የማያየው ጉዳት ሊያስከትል የሚችል፣ የግድ የሚያስፈልግም ያልሆነ ሥራ ነው።

ለዚህ ለሁለተኛው የሰጡት ምሳሌ በወቅቱ በመከላከያ ገንዘብ ይካሄድ የነበረው የሰውን ንግግር የሚሰማ ኮምፒዩተር ምርምር ነበር። ተመራማሪዎቹ ለሐኪም ይጠቅማል፣ ለአካል ጉዳተኛ ይጠቅማል ይሉ ነበር። እርሳቸው ግን ገንዘቡን የሚከፍለው አካል ለምን ፈለገው ብለው ጠየቁ። መንግሥታት የስልክ ንግግርን በሰው ጆሮ ማዳመጥ ብዙ ሠራተኛ ስለሚጠይቅ ሁሉን መስማት አይችሉም፤ ማሽን መስማት ከቻለ ግን ያ ገደብ ይነሳል ሲሉ አስጠነቀቁ። ይህን የጻፉት በ1976 ነው።

ቁጥሩን ማን ቆጠረው?

በመጽሐፉ ውስጥ ከሌሎች ነጥቦች ይልቅ እኛን በጋዜጠኝነት የኖርነውን የሚነካ አንድ ታሪክ አለ። የአሜሪካ መንግሥት ከመጋቢት 1969 ጀምሮ ከምክር ቤቱና ከሕዝቡ ደብቆ ካምቦዲያን በቦምብ ይደበድብ ነበር። ነገሩ በይፋ የወጣው በ1973 ነው። ዋይዘንባውም እንደሚያስረዱት ከጦር ሜዳ የሚመጣው እውነተኛ ሪፖርት በፔንታጎን ኮምፒዩተሮች አማካይነት ወደ ሐሰት ሪፖርት እንዲለወጥ ተደርጎ ነበር። ወረቀቱን የሚያነቡት ባለሥልጣናት ደግሞ ከኮምፒዩተር የወጣ ነው ብለው አመኑት። ድሮ ታሪክን ለመሸፈን መዝገብ ማቃጠል ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ማሽኑ እየቆጠረ ይዋሻል።

በመንግሥት ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ዓመታት ያሳለፍን ሰዎች የዚህን ጣዕም እናውቀዋለን። ይህን ያህል ኩንታል እህል ተመረተ፣ ይህን ያህል ሕዝብ ሰልፍ ወጣ፣ ይህን ያህል ጠላት ተደመሰሰ የሚል ወረቀት ከላይ ሲወርድ ቁጥሩን ማን ቆጠረው ብሎ መጠየቅ የቱን ያህል ከባድ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ዋይዘንባውም የጨመሩልን ነገር ቢኖር ይህ በሽታ የአምባገነኖች ብቻ አለመሆኑን ነው። ነፃ ፕሬስ፣ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት ባለበት አገርም ሰው ለማሽኑ ወረቀት ካጎነበሰ ሐሰት ዙፋን ላይ ይወጣል። ልዩነቱ በዚያ አገር ነገሩን የሚያጋልጥ ጋዜጠኛና የሚጠይቅ ፕሮፌሰር መገኘቱና እስር ቤት አለመውረዱ ነው።

መምህሩ

መጽሐፉ ሲወጣ ከሙያ ባልደረቦቻቸው ብዙዎቹ ተቆጡ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚባለው ዘርፍ ስሙን ያወጡለት የስታንፎርዱ ጆን ማካርቲ በዚያው ዓመት ጠንካራ ትችት ጻፉባቸው። መጽሐፉ ስብከት ይበዛዋል፣ ነጥቡ ግልጽ አይደለም፣ ምርምርን በሥነ ምግባር ስም ለማገድ መንገድ ይከፍታል የሚል ነበር ትችቱ። በአግባቡ መነገር ያለበት ነገር ይህ ትችት በሙሉ ባዶ አልነበረም። የቱ ምርምር ይፈቀድ፣ የቱ ይከልከል፣ ማንስ ይወስን የሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም። የሳይንስ ሥራን የሚያግድ ሥልጣን በመንግሥት እጅ ሲወድቅ ምን እንደሚሆንም እኛ አናጣውም።

ዋይዘንባውም ግን ሕግ አውጡልኝ፣ ከልክሉልኝ አላሉም። መጽሐፋቸውን የቋጩት ለመንግሥት አቤቱታ በማቅረብ ሳይሆን ለኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር ምክር በመስጠት ነው። እዚህ ላይ የሰውየው እውነተኛ ማንነት ይታየናል። መምህር የሚያስተምረው በሚናገረው ብቻ ሳይሆን በሚሠራው ነው። ስለ ሙያው ወሰን ለተማሪው ካልነገረው፣ ተማሪው መሣሪያውን ዓለም ሁሉ አድርጎ ያያል። መምህሩ በአደባባይ ያመነበትን ለመናገር ከፈራ ተማሪው የሚማረው ፍርሃትን ነው። የሲቪል ድፍረት የሚባለው ነገር ደግሞ በታንክ ፊት መቆም ብቻ አይደለም። በአንድ ተራ ስብሰባ ላይ አለቃን የማያስደስት ጥያቄ ማንሳት፣ በባልደረባ ፊት አይ ማለት፣ ከዚህም የተነሳ የሚመጣውን ትንሽ ቅያሜ መቻል ነው።

ስለ ተማሪዎቻቸውም ያስጨነቃቸው ነገር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በማሽኑ ፊት ተቀምጠው ምግብና እንቅልፍ የሚረሱ፣ ማሽኑን በማዘዝ ብቻ የሚረኩ ወጣቶችን በዩኒቨርሲቲያቸው አይተው በመጽሐፋቸው ገልጸዋቸዋል። እነዚህ ወጣቶች ከቁማርተኛ እንደማይለዩ፣ ሁሉን የሚያዝዙበት የምናብ ዓለም ውስጥ ስለሚኖሩ እውነተኛው ዓለም እንደሚያስጠላቸው አስገነዘቡ። በኋላ በ1980ዎቹ ኮምፒዩተር በየትምህርት ቤቱ ይግባ ተብሎ ከበሮ ሲደለቅ እርሳቸው ልጅ አስቀድሞ የራሱን ቋንቋ አጥርቶ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ ይማር አሉ። በቋንቋው አሳቡን መግለጽ ያልቻለ ልጅ በማሽን ቋንቋ ምን ይናገራል? ልጆቻችን አማርኛ ሳይዙ ታብሌት ለያዙብን ወላጆች የቆየ ግን ያላረጀ ምክር ነው።

ከቢሮ ውጪ የሰጡት አገልግሎትም ይኸው ነበር። በየከተማው እየዞሩ ይናገሩ፣ በሙያ ማኅበራት መድረክ ይከራከሩ፣ በጋዜጣ ይጽፉ ነበር። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ለማኅበራዊ ኃላፊነት የተባለው የአሜሪካ ማኅበር በ1988 በኖርበርት ዊነር ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሰጣቸው። ዊነር እርሳቸው ባስተማሩበት በኤም አይ ቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበሩ፣ ከሂሮሺማ በኋላ በ1947 ለጦር መሣሪያ የሚውል ምርምር አልሰጥም ብለው በአደባባይ ያስታወቁ ሰው ናቸው። ዋይዘንባውም በዚያው በ1988 ከማስተማር ጡረታ ወጡ። ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ ተቋሙን ጥለው አልሄዱም፤ ከውስጥ ሆነው ነው የተቹት። ዩኒቨርሲቲውም አላባረራቸውም። በአንድ ግቢ ውስጥ የመከላከያ ገንዘብም፣ የዚያ ገንዘብ ተቺም ጎን ለጎን ኖሩ። ይህ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚመሰገንበት ነው፤ መምህራን በደብዳቤ ከሚባረሩበት አገር ለመጣን ሰዎች ደግሞ የሚያስቀና።

ወደ በርሊን መመለስ

በ1996 ዋይዘንባውም ከ60 ዓመት ስደት በኋላ ወደ በርሊን ተመለሱ። ልጅ ሆነው በሮጡበት የከተማዋ መሐል አካባቢ ቤት ይዘው ተቀመጡ። ያባረራቸው አገር በዚህ ጊዜ ሌላ አገር ሆኖ ነበር፤ ጥፋቱን በትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ ሰለባዎቹን በስም የሚያስታውስ አገር። እዚያም ዝም ብለው የእርጅና ዘመን አላሳለፉም። በጀርመንኛ ለወጣቶች ይናገሩ፣ ጦርነትን ይቃወሙ፣ ባለሙያዎችን ይሞግቱ ነበር።

ስለ ኢንተርኔትም ጠይቀዋቸዋል። አመለካከታቸው ኢንተርኔት ትልቅ የቆሻሻ ክምር ሆኖ በውስጡ ዕንቁ የተቀበረበት ነው የሚል ነበር። ዕንቁውን የሚያገኘው ደግሞ ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በየድረ ገጹና በየማኅበራዊ መገናኛው ስለ አገራችን በየሰዓቱ የሚለቀቀውን እውነትና አሉባልታ ለሚያበጥር አንባቢ ይህን ማብራራት አያሻም።

በጥር 2008 85ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ስግብግብነትን የሚያወግዝ ጽሑፍ በአንድ የጀርመን ጋዜጣ አወጡ። ከሁለት ወር በኋላ መጋቢት 5 ቀን 2008 በበርሊን አቅራቢያ በካንሰር ሕመም ዐረፉ፤ በበርሊን ቫይሰንዜ በሚገኘው የአይሁድ መካነ መቃብር ተቀበሩ። በ2017 በበርሊን የተቋቋመው የበይነ መረብና የኅብረተሰብ ምርምር ተቋም በስማቸው ተሰይሟል። የኤሊዛ ዋና የፕሮግራም ጽሑፍም ከኤም አይ ቲ ቤተ መዛግብት በ2021 ተገኝቷል።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ውድ አንባቢያን፤ በ1976 የተጻፈው ማስጠንቀቂያ በእኛው ደጃፍ ደርሶ አይተነዋል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ቡድን በ2013 ፊንፊሸር የተባለ የእንግሊዝና የጀርመን ኩባንያ ስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 መሪዎችን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ መሰራጨቱን አጋለጠ። በ2014 ደግሞ ሀኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር በውጭ አገር ባሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒዩተር ላይ ለመትከል መሞከሩን፣ በ2017 ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ምርት በውጭ የሚኖሩ የኦሮሞ ተቃዋሚዎችንና ሌሎችን ማጥቃቱን ይፋ አደረገ። እነዚህን ፕሮግራሞች የጻፉት የወያኔ ካድሬዎች አልነበሩም። በሙኒክ፣ በሚላኖ፣ በቴል አቪቭ አካባቢ ቢሮ የተቀመጡ፣ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ ምናልባትም አዲስ አበባን በካርታ ላይ የማያውቋት ወጣቶች ናቸው። ሥራዬን ነው የሠራሁት ብለው ማታ ወደ ቤታቸው ገብተው ራታቸውን በልተዋል። ዋይዘንባውም ዕድሜ ልካቸውን የተናገሩት ለእነዚህ ወጣቶች ነበር።

ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቻት ጂ ፒ ቲን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ከኤሊዛ በማይወዳደር ብቃት ከሰው ጋር መጻጻፍ ይዘዋል። በአማርኛም ይመልሳሉ። በባዕድ አገር ብቻውን የሚኖር፣ ሌሊት የሚሠራ ወገናችን የልቡን የሚያጫውተው ሲያጣ ወደዚህ ማሽን መዞሩ አይቀርም። በዚህ ማንንም አንወቅስም። ማሽኑ ግን ሲያጽናናን አላዘነም፤ የነገርነውም ነገር የአንድ ኩባንያ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ብቸኝነታችንን የሚያድነው የዕድርተኛው ስልክ፣ የጎረቤት ቡና፣ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ደጅ ነው።

ፕሮፌሰር ዋይዘንባውም የማሽን ጠላት አልነበሩም። ኮምፒዩተር ሠርተዋል፣ ፕሮግራም ጽፈዋል፣ ትውልድ አስተምረዋል። እኛም ብንሆን ይህ ቴክኖሎጂ ባይኖር ድምፃችንን አገር ቤት ማድረስ አንችልም ነበር። እርሳቸው የተቃወሙት ጎመን በጤና ብሎ ከመሣሪያው ጀርባ መደበቅን ነው። ዛሬ በሲያትልና በካሊፎርኒያ፣ በለንደንና በፍራንክፈርት ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚህ ሙያ ተሰማርተው የሚያኮራ ሥራ ይሠራሉ። ነገ አለቃቸው አንድ ፕሮግራም ጻፉ ሲላቸው ይህ ነገር በማን ላይ ይውላል ብለው ለመጠየቅ ሙሉ መብት አላቸው። ጥያቄውን ለመጠየቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም፤ በሕግ ስም ተበድሎ ከአገሩ መውጣት ምን እንደሆነ ማስታወስ ይበቃል።